525 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና 1,914 ያላትን እንዴት ቀደመች?

ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን እናቁማቸው።

አንደኛዋ ፖርሽ 911 ጂቲ3 አርኤስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣች፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ 525 የፈረስ ጉልበት ያላት። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመግባት 3.2 ሰከንድ ይበቃታል፤ የመጨረሻ ፍጥነቷ 296 ነው። ሁለተኛዋ ክሮኤሺያ ውስጥ የምትሠራው ሪማክ ኔቬራ ናት። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ። 1,914 የፈረስ ጉልበት አላት፣ 100 የምትገባው በ1.81 ሰከንድ ነው፣ ከለቀቋት እስከ 412 ትበራለች።

ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ ያለቀለት ነው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ላይ የሚነሳው የመኪና ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በዚሁ ቁጥር ነው፤ የፈረስ ጉልበቷ ስንት ነው? በቃ።

አሁን ሰዓቱን እንይ። ሁለቱም ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ በሚባለው የውድድር ሜዳ፣ 20.8 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሰሜኑ ዙር ላይ ተለክተዋል። ይህ ሜዳ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ያለ፣ በጫካ ውስጥ የሚወጣ የሚወርድ፣ ኩርባው ማለቂያ የሌለው መንገድ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች አዲስ ነገር በሠሩ ቁጥር ሰዓት ለመያዝ የሚሮጡትም ወደዚያው ነው። ፖርሿ ዙሩን በ6 ደቂቃ ከ49.3 ሰከንድ ጨረሰችው። ኔቬራ ደግሞ በ2023 በ7 ደቂቃ ከ5.3 ሰከንድ። ጉልበቷ ከሲሶ የማይሞላው መኪና በ16 ሰከንድ ቀደመች ማለት ነው። 16 ሰከንድ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በፖርሿ አማካይ ፍጥነት ሲሰላ ከ800 ሜትር በላይ ነው፤ የፋሲል ግቢን አጥር አንዴ ዞሮ ለመጨረስ ጥቂት ብቻ የሚቀረው ርቀት።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ሲገባችሁ ስለ ፈጣን መኪና ያላችሁ አስተያየት ይለወጣል፤ የእኔ ተለውጧል።

ጉልበት ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

ጎማ ነው። ሌላው ሁሉ ለጎማው የሚያገለግል ነው።

መኪና መሬት የምትነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ከሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ሞተሩ የሚገፋው፣ ፍሬኑ የሚይዘው፣ መሪው የሚያዞረው በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ በኩል ነው። ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያገሳ፣ ጎማው አስፋልቱን መያዝ ካቃተው ጉልበቱ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ጎማ መሬት የሚይዝበትን አቅም የመኪና ሰዎች ግሪፕ ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው።

ግሪፕ በዋናነት በሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ የጎማው ላስቲክ ራሱ ነው። ሁለቱም መኪኖች ሰዓት የያዙት ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 አር በተባለ ጎማ ነው። ይህ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ሲሞቅ ተጣባቂ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይደርቃል፤ ለዚህ ነው ሾፌሮቹ መጀመሪያ እያሞቁት የሚነዱት። ከልክ በላይ ከሞቀም ጥሩ አይደለም፣ መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ላይ ጎማው ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ውድድር ሜዳ ላይ የጎማ አየር የሚለካው ጠዋት በብርዱ ብቻ ሳይሆን መኪናዋ ጥቂት ዙር ሮጣ ስትገባ፣ ጎማው ገና ትኩስ እያለ ነው። የሰፈራችን ጎሚስታ በአንድ ጊዜ ልኬት የሚጨርሰውን ሥራ እነሱ ቀኑን ሙሉ ይደጋግሙታል።

ሁለተኛው ጎማው ላይ ያረፈው ጫና ነው። ጎማ ወደ መሬት በተጫኑት መጠን የበለጠ ይይዛል። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ነው። ጫናው እጥፍ ሲሆን ግሪፑ እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያነሰ ነው የሚጨምረው። ከባድ መኪና ጎማዋን በደንብ ትጫናለች፣ ነገር ግን ለማዞርም ለማቆምም የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቷ ጋር እኩል እያደገ ግሪፑ ወደኋላ ይቀርባታል። ይህችን ነገር ያዟት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ኩርባ ላይ በትክክል ምን ይፈጠራል?

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ የሄደ ሰው የነገሩን ግማሽ በሰውነቱ ያውቀዋል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሁሉም ወደፊት ይሄዳል። ግራ ሲታጠፍ ሁሉም ወደ ቀኝ ያዘነብላል። መኪናዋም እንደ ተሳፋሪዎቹ ናት። ፍሬን ሲያዝ ጫናው ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፣ የኋላዎቹ ይቀላሉ። ነዳጅ ሲሰጥ ተቃራኒው ይሆናል። ስትታጠፍ ደግሞ በውጪ በኩል ያሉት ሁለት ጎማዎች ይጫናሉ፣ በውስጥ በኩል ያሉት ይቀላሉ።

የስፖርት መኪና ዝቅ፣ ሰፋ ያለችው በዚህ ምክንያት ነው። ክብደቷ ለመሬት በቀረበ ቁጥር ይህ ማዘንበል ይቀንሳል፣ አራቱም ጎማዎች ሥራውን ይካፈሉታል።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ የሁሉ ቁልፍ ነው ባይ ነኝ። የአንድ ጎማ ግሪፕ እንደ ወር ደሞዝ ነው፤ ልኩ የታወቀ ነው። ለቤት ኪራይ ያወጣችሁትን ለአስቤዛ አታገኙትም። ጎማውም ግሪፑን ሙሉ በሙሉ ለፍሬን ካዋለው ለመታጠፍ የሚተርፈው ነገር የለም፤ ሙሉ በሙሉ ለመታጠፍ ካዋለው ደግሞ ነዳጅ ሲጨመርበት ያመልጣል።

ጎበዝ ሾፌር የሚለየው እዚህ ነው። ኩርባው ጋ ሲደርስ ገና ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እያለ ፍሬኑን በኃይል ይረግጣል። መሪውን ማዞር ሲጀምር ግን ፍሬኑን በአንዴ አይለቀውም፤ መሪው በዞረ ቁጥር እግሩን ቀስ በቀስ እያነሳ ይሄዳል። ለምን? ጫናው ፊት ላይ እንዲቆይለት፣ የፊት ጎማዎቹም እንዲነክሱለት ነው። ኩርባው መሀል፣ ከውስጠኛው ጠርዝ ጋር ሊነካካ ሲደርስ፣ ለአፍታ ፍሬንም ነዳጅም የለም፤ ግሪፑ ሁሉ ለመታጠፍ ነው። ከዚያ መሪውን እየመለሰ፣ በመለሰው ልክ ነዳጅ ይጨምራል። መሪና እግር እንዲህ ተቀናጅተው ሲሄዱ መኪናዋ ጎርበጥ ሳትል ትወጣለች። አንዱ ከቀደመ ነገር ይበላሻል።

"ፊቷ እምቢ አለ"፣ "ኋላዋ ወጣ" ሲባልስ?

የፊት ጎማዎች ግሪፕ ቀድሞ ካለቀ መሪውን ብታዞሩም መኪናዋ ወደፊት መሄዷን ትቀጥላለች። አልታጠፍም ትላለች። መፍትሔው እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሳትና መሪውን ጥቂት መመለስ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሲደነግጥ የበለጠ ያዞረዋል፣ ያ ደግሞ ያባብሰዋል። የኋላዎቹ ቀድመው ካለቁ ኋላዋ ይወጣና መኪናዋ ልትሽከረከር ትደርሳለች፤ እዚህ ላይ መሪው ኋላዋ ወደወጣበት አቅጣጫ መዞር አለበት፣ ያውም በፍጥነት።

ፖርሽ 911 ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ከግማሽ በላይ ክብደቷም እዚያው ነው። ይህ ከኩርባ ስትወጣ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች በደንብ ተጭነዋል። ፊቷ ግን ቀላል ነው፣ ስለዚህ ወደ ኩርባ ስትገባ ፊቷን መሬት ላይ የሚያስቀምጥላት ነገር ትፈልጋለች። መሐንዲሶቹ የፊቱን ጎማ 275፣ የኋላውን 335 ሚሊ ሜትር ስፋት አድርገውታል፤ የኋላ ጎማዎቿም ከመሪው ጋር ጥቂት ይዞራሉ። ትልቁን ሥራ የሚሠራላት ግን አየር ነው።

ያ ከኋላ የቆመው ክንፍ ለጌጥ አይደለም?

በዚህች መኪና ላይ በፍጹም አይደለም። የአውሮፕላን ክንፍ አየሩን ተጠቅሞ ወደ ላይ ያነሳል፤ ይህ ተገልብጦ የተሠራ ስለሆነ ወደታች ይጫናል። የክንፉ ጫፍ ከመኪናዋ ጣሪያ ይበልጣል።

ቁጥሩ ያስገርማል። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አየሩ መኪናዋን በ409 ኪሎ ይጫናታል። በ285 ደግሞ በ860 ኪሎ። መኪናዋ ራሷ የምትመዝነው 1,450 ኪሎ ነው። ስለዚህ ጎማዎቹ የሚይዙት 2,300 ኪሎ የምታህል መኪና የተጫነቻቸው ያህል ነው፣ መታጠፍና መቆም ያለባት ግን 1,450 ኪሎዋ መኪና ናት። ከላይ ያልነውን አስታውሱ፤ ክብደት ሳይጨምር ጫና መጨመር ማለት ነፃ ግሪፕ ነው። ውስጥ ያለው ሰው ኩርባው ላይ ከራሱ ክብደት በሚበልጥ ኃይል ወደ ጎን ይጎተታል፤ ለዚህ ነው ወንበሩ ጎንና ጎኑን አቅፎ የሚይዘው።

ግን አየር ነፃ ነገር አይሰጥም። ወደታች የሚጫነው ክንፍ ወደኋላም ይጎትታል። የዚህች መኪና የመጨረሻ ፍጥነት 296 ላይ የቀረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለዚህ ዘዴ አበጅተውለታል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሾፌሩ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫን የክንፉ ላይኛው ክፍል ይተኛል፣ አየሩ ያልፋል። ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ፍሬኑን በኃይል ሲረግጥ ደግሞ ክንፉ ሽቅብ ይቆምና አየሩን እንደ ግድግዳ ይገታዋል።

እኔን በጣም የገረመችኝ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። የፊት ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት የብረት ክንዶች፣ በሌላ መኪና ላይ ተራ ብረት የሆኑት፣ እዚህ የጠብታ ቅርጽ ይዘው ነው የተሠሩት። በሚያልፍባቸው አየር ብቻ በመጨረሻው ፍጥነት 40 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ጫና ፊት ላይ ያመጣሉ። ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ቦታ ነው። ሻንጣም የላትም፤ ሌሎች 911ዎች ሻንጣ የሚያስቀምጡበት የፊት ኮፈን ስር አንድ ትልቅ ራዲያተር ገብቶበታል፣ እሱ ከመሀል በመሆኑ ጎንና ጎኑ ለአየሩ መንገድ ተለቋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የአየር ጫና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ሲቀንስም በዚያው ልክ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 100 ኪሎ ይወርዳል፣ በ50 ደግሞ 25 ኪሎ ገደማ፣ አንዲት ጆንያ እህል እንኳን አይሞላም። ከተማ ውስጥ አሮጌ ኮሮላ ላይ ክንፍ ማሰር ለግሪፕ ምንም የማይጨምረው በዚህ የተነሳ ነው።

ፍሬኑስ ይችለዋል?

ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን በጭነት መኪና የወረደ ሾፌር ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፍሬን ማለት እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መቀየር ነው። ያ ሙቀት መውጫ ካላገኘ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እግር ስር እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፣ መኪናው አልያዝም ይላል። ልምድ ያለው ሾፌር ገና ከላይ በከባድ ማርሽ ይዞ በሞተር የሚያወርደው ለዚህ ነው።

ውድድር ሜዳ ላይ ችግሩ ያው ነው፣ የሚከፋው ፍጥነቱ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ40 ሜትር የምትቆም መኪና በዚያው ግሪፕ ከ200 ለመቆም 160 ሜትር ያህል ትፈልጋለች፤ ወደ ፍሬን የሚገባው ሙቀትም አራት እጥፍ ነው። ያውም በየደቂቃው፣ ደጋግሞ። ስለዚህ የፊት ፍሬን ዲስኮቿ 408 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ አየር ደግሞ ከፊት ተስቦ በቀጥታ ወደ እነሱ ይላካል።

ሥራውን ኮምፒውተር አይደለም እንዴ የሚሠራው?

ያግዛል። ግሪፕ አይፈጥርም ግን። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ያለውን ግሪፕ ማብቃቃት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ፣ ነዳጅ ሲሰጥ በባዶ እንዳይሽከረከር።

ዲፍረንሻል እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ረጅም መንገድ፣ የውስጡ አጭር መንገድ ይሄዳል፤ ዲፍረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ችግሩ ተራው ዲፍረንሻል ጉልበቱን ለቀለለው ጎማ መልቀቁ ነው። በክረምት ወደ ቋራ ወይም ወደ አርማጭሆ የነዳ ሰው ያውቀዋል፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ በባዶ ይዞራል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። እዚያ ዲፍረንሻሉን ቆልፈው ይወጣሉ። የውድድር መኪናም የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የመቆለፉ መጠን እንደ ኩርባው ይለዋወጣል። በፖርሿ መሪ ላይ ያሉት ትንንሽ ማዞሪያዎች ይህንንም፣ የአሞርዛተሩን ጥንካሬም፣ እየነዱ ለማስተካከል ናቸው።

ታዲያ ኔቬራ ለምን ቀረች?

ደካማ ስለሆነች አይደለም። ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ ሞተር አላት፤ ኮምፒውተሯ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ እያሰላ ለአራቱም የየድርሻቸውን ይልካል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፖርሿ አጠገቧ አትደርስም።

ግን 2,300 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ባትሪው ከባድ ነው። ያ ክብደት በእያንዳንዱ ኩርባ መቆም አለበት፣ መታጠፍ አለበት፣ እንደገና መነሳት አለበት፣ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ እነዚያው አራት መዳፍ የሚያክሉ ቦታዎች ናቸው። ኑርቡርግሪንግ ላይ ደግሞ ኩርባ ሳያልቅ ሌላ ኩርባ ይመጣል። በ2025 ሰዓት የያዘችው የቻይናዋ ሻውሚ ኤስዩ7 አልትራ፣ አራት በር ያላት ኤሌክትሪክ መኪና፣ ከ1,500 በላይ የፈረስ ጉልበት ይዛ 7 ደቂቃ ከ4.9 ሰከንድ ላይ ነው ያቆመችው። ከኔቬራ በጥቂቱ ትሻላለች፣ ከፖርሿ ግን አሁንም 15 ሰከንድ ትዘገያለች።

እነዚህ መኪኖች ጎንደር ቢመጡስ?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ከሌላው ሁሉ ይጥማል፣ ምክንያቱም መልሱ ከከፍታችን ጋር የተያያዘ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው።

ፖርሿ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የላትም፤ አየሩን የምትስበው በራሷ ነው። ስለዚህ 525ቱ የፈረስ ጉልበት እዚህ ሲደርስ በግምት ወደ 430 ይወርዳል። ክንፉም የሚጫነው አየር ሳስቷል፤ 860 ኪሎው ወደ 700 ይጠጋል። ኩርባ ላይ ከጀርመኑ ያነሰ ትይዛለች፣ ፍሬኗንም የሚያቀዘቅዘው አየር ያንሳታል። ኤሌክትሪኳ ግን ለማቃጠል አየር አትፈልግም፤ ጉልበቷ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም የሚጎትታት አየር ስለቀለለ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይመቻታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ለገዛም ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ የአዘዞን ዳገት ስትወጣ ከፍታው ከሞተሯ ጉልበት የሚቀንስባት ነገር የለም።

ይህን ነገር ፎርሙላ 1 በየዓመቱ ይጋፈጠዋል። የሜክሲኮ ሲቲው የውድድር ሜዳ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ከእኛ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ቡድኖቹ ያላቸውን ትልቁን ክንፍ ይገጥማሉ፤ የሚያገኙት ጫና ግን ሌላ ቦታ በትንሹ ክንፍ የሚያገኙትን ያህል ነው።

ሊማሊሞ ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጥምዝ ላይ ፍጥነት 30 ቢደርስ ነው፤ ክንፍ የለም ማለት ነው፣ ሆዷም ለመንገዱ በጣም ዝቅ ይላል። ጎማ፣ ፍሬንና የሾፌሩ እግር ብቻ ይቀራሉ።

የዙር ቪዲዮ ሳይ ምኑን ልመልከት?

የፍጥነቱን ጣሪያ ተዉት። ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱ ሲወርድ ዝቅተኛው ቁጥር ስንት ላይ እንደሚቆም እዩ፤ የኩርባ ፍጥነት የሚባለው እሱ ነው፣ በአንድ ኩርባ ላይ ሁለት መኪኖችን የምታወዳድሩትም በእሱ ነው። ቀጥሎ የሾፌሩን እጅ እዩ። ኩርባው መሀል መሪውን ደጋግሞ የሚያርም ከሆነ ኋላዋ እያመለጠው ነው፤ መሪውን ብዙ አዙሮ የሚጠብቅ ከሆነ ፊቷ እምቢ ብሎታል። በመጨረሻ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ መቼ እንደሚረግጥ ስሙ፣ በድምፁ ይታወቃል። ከኩርባው ሳይወጣ ሞተሩ ያለማቋረጥ ማገሳት ከጀመረ ግሪፕ ተርፎታል፤ ከፊቱ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ካለ ያቺ ቀድሞ የረገጣት ግማሽ ሰከንድ እስከ መንገዱ መጨረሻ ትከተለዋለች።